የተራራው ሆድ

ለእኛ ተራራ ማለት ሆድ ያለው ነገር ነበር። ውሃ ይቋጥራል፤ ከተከፋ ይይዘዋል፤ ደም ካየ ይለቀዋል። ይህን አምነን ነው ያደግነው።

በራቡ ዓመት ከመካነ ሰላም በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ምንጫችን ደረቀ። ሽማግሌዎቹ መከሩና ለአድባሩ የምትታለብ ፍየል ትታረድ አሉ። በመንደሩ የምትታለብ የቀረችው የእኔ ብቻ ነበረች። ልጄ የእናቷ ጡት ስለነጠፈ የምትኖረው በዚያች ፍየል ወተት ነበር። ለመንኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ገመዱን ከእጄ እየነጠቀ፣ "አብሽር፣ ውሃው ሲመጣ አላህ ይተካልሃል" አለኝ። አረዷት። ደሙን ለድንጋዩ፣ ሥጋውን ለራሳቸው። ጢማቸው ላይ የረጋው ሞራ እስካሁን ይቀፈኛል። ውሃው አልመጣም። ልጄን ቀበርኳት።

ንጉሡ ወረደና ዘማች ተማሪዎች መጡ። እኛን ፊደል የምታስቆጥረን የከተማ ልጅ ነበረች፤ ጢማም ሁላ "የኔታ" እያልን እናሾፍባት ነበር። አንድ ቀን አፋፉ ላይ ወሰደችንና ማዶ ያለውን ገደል አሳየችን። ድንጋዩ ተነባብሮ ይታያል። ድሮ መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ፣ ረጋ፣ በላዩ ሌላ ፈሰሰ አለችን። አገሩ በሙሉ እንዲህ እየተነባበረ፣ ከሥርም እየተገፋ ከፍ አለ፤ ኋላ ወንዞች ሲቦረቡሩት ሳይበላ የቀረው ነው ይኼ የተራራ ሰንሰለት። ሌላ አገር ደግሞ መሬት ከመሬት ሲጋፋ እንደ ጋቢ ተጨማዶ የቆመ አለ አለች።

እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው። "ውሃ የሚቋጥር ሆድ አለው?"

"የዘነበውን በስንጥቁ ያሳልፋል እንጂ ሆድ የለውም። ካልዘነበ የሚሰጠው የለም።"

ትልቁ ሽማግሌ አጠገቤ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ምንም አልመሰለውም።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ዘገየ። ሚስቴ አራስ ናት፤ እኔም እንደምንም አንዲት ፍየል አግኝቻለሁ። ሽማግሌው ገመዱን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆምኩበት።

"አያ፣ የኔታ ስትናገር ሰምተዋል። ድንጋይ ነው፤ ፍየል አይበላም። የሚበሉት እርስዎ ነዎት።"

"ፊደል አባለገህ" ብሎኝ ሄደ።

የሄደው ወደ ጎረቤቴ ወደ ባልቴቷ ነበር። እሷ አልተማረችም፤ ፍየሏን ሰጠችው። የጥብሱ ሽታ ደጄ ድረስ ሲመጣ ሚስቴ ፍየላችንን ታልብ ነበር። እኔ ከጓሮ ዞሬ አስታወክሁ።