በእርቅ ያልተዘጋ መዝገብ

ትናንት ጠዋት አንዲት ፖሊስ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘች ጥቁር ቀለም ታስነካና ወረቀት ላይ ታሽከረክራቸው ነበር። ሕፃናት መዋያ ውስጥ ሥራ አግኝቼ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኔን የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ ተብዬ ነው። «እጅሽን አታጠንክሪ፣ ለእኔ ልቀቂልኝ» ትለኛለች፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ቤት ገብቼ ቀለሙን በሎሚ ስፈትግ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ የሌላ ሰው የወንጀል መዝገብ ፍለጋ ብቻዬን የተንከራተትኩበት ዘመን መጣብኝ።

«በወጣትነቴ ጊዜ» ብዬ ስጀምር ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እውነት ነው፣ ያን ያህል አላረጀሁም። ነገር ግን የኮሮናን ዓመታት በሰው አገር አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ያሳለፈ ሰው ዕድሜውን እንደ ሌላው አይቆጥርም። ከዚያ በፊት የነበረችው ልጅ ዛሬ ለእኔ የሩቅ ዘመድ ናት፤ አንዳንዴ ትዝ ትለኛለች፣ አንዳንዴ ታሳዝነኛለች።

ከሆሳዕና ከተማ ወደ ጆሃንስበርግ የመጣሁት ለጋብቻ ነበር። ታምራት ይባላል፤ ከከተማው ወደ ደቡብ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ ያለው የአገሬ ልጅ ነው። አባቴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ሰው ስለሆነ በዋዛ እሺ አላለም። ዘር ተቆጠረ፣ የሥጋ ዝምድና እንደሌለን ተጣራ፣ ጆሃንስበርግ ላሉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ተደወለ። «ንጹሕ ልጅ ነው» አሉ። አባቴ ይህን ቃል ይዞ መረቀኝና ላከኝ።

ከሠርግ በፊት አንድ ቤት ማደር በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ያረፍኩት መሀል ከተማ፣ ሂልብሮው የሚባል ሰፈር ውስጥ እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። እትዬ ዘነበች የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ናት፤ ጄፒ መንገድ ላይ ልብስ ትነግዳለች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ከፋሲካ በፊት አገሩ ተዘጋ።

ክፍሏ ፎቅ ላይ ነበረች፤ በመጋረጃ ተከፍላ ግማሿ የእትዬ ዘነበች፣ ግማሿ የእኔና ሳይሸጥ የቀረው የሱሪ እስር። ያን ክረምት ሱሪ ተደግፌ ከረምኩ። መስኮቱ ፊት ለፊት የሌላ ፎቅ ግድግዳ ነው፤ አንገቴን ካላሰገግኩ ሰማይ አይታየኝም። ከታች ወታደሮች በድምፅ ማጉያ «ወደ ቤታችሁ ግቡ» ይላሉ። እኔ ደግሞ የትኛው ቤቴ እላለሁ በልቤ። አውሮፕላን የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ሠርግ የለም። እትዬ ዘነበች ደግ ሴት ናት፣ ግን ንግዷ ቆሞባት ስለነበር ሐሳብ ይዟት ይሄዳል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ሳንነጋገር የምንውልበት ቀን ይበዛ ነበር።

ታምራት ግን አልረሳኝም። ምግብ የሚያመላልስ ታክሲ ባገኘ ቁጥር የበቆሎ ዱቄት፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ በመረብ ከረጢት የታሰረ መንደሪን ይልክልኛል። የዚያ አገር ክረምት ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ የመንደሪኑን ልጣጭ ማሞቂያው ላይ ሳስቀምጠው ክፍሉ ሁሉ ይሸታል። በየቀኑ ይደውላል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሲሸጥ፣ ደንበኞቹ «ሳውቦና» ብለው ሰላም ሲሉት፣ እሱም በዙሉ ሲቀልድ እሰማለሁ። ድምፁን ወደድኩት። ይህን ለመናገር ዛሬም አላፍርም።

እገዳው ላላ ሲል አንድ ቅዳሜ መጣ። ሕንጻው ደረጃ ላይ ተራርቀን ተቀመጥን። ከሰፈሩ ኮታ ይዞልኝ ነበር፤ ዳቦ ተቦርቡሮ ድንች ጥብስ፣ ፖሎኒ የሚሉት ቋሊማና አቻር የሚባል የሚያቃጥል ማባያ የሚጨመርበት ነው። ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን እየበላን ዓይን ለዓይን መተያየት አፈርን። ሲሄድ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ተሰናበተኝ። ያን ቀን ብቸኝነቴ ቀለለኝ።

ነገሩ የተነሳው ከጸሎት ነው። እሑድ እሑድ ምእመኑ ሁሉ በስልክ ተገናኝቶ ይጸልይ ነበር። አንድ እሑድ አንድ ትልቅ ሽማግሌ ስለ እኔና ስለ ታምራት ጸለዩ፦ «የወንድማችንን የትናንት ነገር የሸፈንክ አምላክ፣ ይህን ጎጆ ባርክ።» ከየቤቱ «አሜን» ተባለ። አሜኑ በዛብኝ። ስለማላውቀው ነገር ሰው ሁሉ አሜን ሲል እኔም ብያለሁ።

«እትዬ ዘነበች፣ የታምራት የትናንት ነገር ምንድን ነው?» አልኳት።

ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቀና አላለችም። «የታረቀ ነገር ነው። ለአንቺ ምንም አይደለም።»

ታምራትን ጠየቅኩት። ሳቀ። «ሌባ ሱቅ ገባ፣ መታሁት፣ ፖሊስ እኔኑ ወሰደኝ። እዚህ አገር ያልታሰረ ባለሱቅ የለም» አለኝ። ከዚያም እንዳምነው ብሎ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ላከልኝ። «ይኸው፣ ከፍዬ ነጻ የወጣሁበት። ከዚያ ወዲህ ስሜ ንጹሕ ነው።»

ላምነው ፈለግኩ። ተጋድሜ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ከሌባ ጋር ማን ይታረቃል? ሽማግሌ የሚቀመጠው በሰውና በሰው መሀል ነው። ሱቅ ለሰበረ ሌባ አገር ተሰብስቦ እርቅ አያወርድም። እንግዲህ ከሁለቱ አንዳቸው፣ ወይ እትዬ ዘነበች ወይ ታምራት፣ እውነቱን አልነገሩኝም።

ታችኛው ፎቅ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ሁሉም «ጎጎ» ይላታል፣ አያት ማለት ነው። ልጇ ታስሮ ፍርድ ቤት ስትመላለስ የኖረች ናት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አጫውቼ ደረሰኙን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«ልጄ፣ ይህ ሰው ነጻ ለመውጣት አይደለም የከፈለው። 'አዎ፣ አድርጌዋለሁ' ብሎ አምኖ ነው የከፈለው። መቀጮ ከፍሎ ወደ ሱቁ ሮጠ፣ ስሙ ግን የወንጀለኞች መዝገብ ላይ ቀረ። የእናንተ ሰዎች ይህን ሁልጊዜ ያደርጋሉ፤ ሱቃችን ይዘረፋል ብላችሁ ትፈርማላችሁ።»

«ምን እንዳደረገ እንዴት ማወቅ እችላለሁ?»

«የፖሊስን ማስረጃ ራሱ አሻራ ሰጥቶ ካልጠየቀ አታገኚም። የምርመራ ፋይላቸውንም አያሳዩሽም። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ግን የሕዝብ ነው። ይኸው ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ አለ። ሄደሽ ጠይቂ።»

«ማን ነሽ ቢሉኝስ?»

«ሕዝብ ነኝ በያቸው!» አለችና በሳቅ ፈነዳች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ወራት ሙሉ ከአንድ መስኮትና ከሱሪ እስር ጋር ለከረመ ሰው፣ ሕዝብ ነኝ ማለት ይከብዳል።

ፍርድ ቤት የሄድኩት የጃካራንዳው ዛፍ ሲያብብ ነው። ለእትዬ ዘነበች ገበያ እሄዳለሁ አልኳት። ታክሲው መስኮቱን ከፍቶ ይበራል፤ ነፋሱ ማስካችንን ፊታችን ላይ ይለጥፈዋል። የታክሲ ሒሳብ ከኋላ ወደ ፊት በእጅ ለእጅ ሲተላለፍ፣ ያን ሰሞን ሰው ሳንቲሙን በጣቱ ጫፍ ነበር የሚይዘው። ወይን ጠጅ አበባ የረገፈበትን አስፋልት አልፈን፣ የድሮ ወርቅ ማውጫዎቹን ቢጫ ኮረብታዎች አልፈን ወደ ደቡብ ወረድን። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካኝ ሰው መሆኔ ትዝ አለኝ፤ ለብዙ ጊዜ ማንም አልነካኝም ነበር።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሙቀቴን ለኩኝ፣ እጄን ረጩኝ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ ደርሼ ቁጥሩን የጻፍኩበትን ወረቀት አቀበልኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ወጣት ቁጥሩን ተቀበለና «ባለጉዳይ ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም። የማገባው ሰው ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳሰበ ማስኩ ሸፈነው። ማመልከቻ አስጻፈኝና ፋይሉ ከማከማቻ እስኪወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ አለኝ። ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ታምራት ይደውላል፣ እኔ ስለ አየሩ አወራለሁ። «ምነው ዛሬስ ዝም አልሽ?» ይለኛል። ራሴን አመመኝ እላለሁ። አንድ ሁለቴ ባልመለስስ ብዬ አስቤ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ባገባውስ? ሠርጌን የሚበሉት ሰዎች ሁሉ ነገሩን ያውቁታል፣ እኔም እንደ እነሱ ባልጠይቅስ?

ተመለስኩ። ፋይሉ ስስ ነበር። «እዚሁ አንብቢ፣ ኮፒ ከፈለግሽ ይከፈላል» ብሎ አግዳሚ ወንበሩን አሳየኝ። የታምራት ስም አለ። ክሱ፣ ድብደባ። ከሥሩ፣ ተከሳሹ የግል ተበዳይን ፊቷን በቡጢ በመምታት ይላል። ፊቷን። ያንን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንግሊዝኛዬ የተሳሳተ መስሎኝ። ከዚያ የተበዳይዋን ስም አየሁ፦ ወይንሸት። የአባቷም ስም የእኛው አገር ስም ነው።

ኮፒ አላስፈለገኝም። ፋይሉን መልሼ ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ ያለ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ በማስክ ውስጥ ማልቀስ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እርጥቡ ጨርቅ አፍንጫ ላይ ተጣብቆ ያፍናል። አጠገቤ ያለፈ ሁሉ የሞተባት ናት ብሎ ሳያስብ አልቀረም። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ሞቶበት ነበር።

«ወይንሸት ማን ናት?» አልኳት እትዬ ዘነበችን፣ ገና በሩን ሳልዘጋ።

አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ፍርድ ቤት።»

«ፍርድ ቤት ሄድሽ?» ከሁሉ ያስደነገጣት እሱ ነበር። ግን ነገረችኝ። ወይንሸት ከእኔ በፊት ለእሱ የመጣች ሙሽራ ነበረች፤ ይኸው ክፍል ውስጥ፣ ከዚሁ መጋረጃ ጀርባ ነበር ያረፈችው። ሱቁን ልታይ ሄዳ ተጣሉ፣ መታት። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ሽማግሌዎች ገቡ፣ አስታረቁ፤ እሷም ይቅር ብዬዋለሁ ብላ ወደ ሩቁ ኬፕ ከተማ ሄደች።

«አባቴ ሲጠይቃችሁ ለምን ንጹሕ ነው አላችሁት?»

«ንጹሕ ነዋ! ታርቋል። የታረቀን ነገር መልሶ ማንሳት እርግማን ነው፤ እንደዚህ ነው ያደግነው። አንቺም የዚያው አገር ልጅ ነሽ፣ ይህን አጥተሽው ነው?»

አላጣሁትም። የገዛ አጎቴ ደም ያቃባ ጠብ በእርቅ አልቆ፣ ስሙ እንኳ እንዳይነሳ ሲደረግ አይቻለሁ። እርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳንገዳደል የኖርነው በእሱ ነው። ብቻ በዚህ እርቅ የወይንሸት ነገር ሲዘጋ፣ ከእሷ ቀጥላ የምትመጣው ልጅ አልታሰበችም።

ለታምራት ደወልኩለት። ስሟን ስጠራ ከሱቁ የሳንቲም ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አለቀሰ። «ይቅር ብላኛለች እኮ» አለኝ።

«እሷ ይቅር ትበልህ። እኔን ግን ለምን ሌባ ነው አልከኝ?»

እስከ ዛሬ ሳስበው፣ ራሱ አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት አገባው ነበር። ያቺ ድምፁን የወደደች ልጅ ሞኝ ነበረች። በነጋታው ለሽማግሌዎቹ አላገባም አልኳቸው።

አባቴ በስልክ «ሽማግሌ ካስማማው ይልቅ ወረቀት ታምኛለሽ?» አለኝ። «አባባ፣ ወረቀቱ ስጠይቀው መለሰልኝ» አልኩት። ዘጋው። ብዙ ወር አልደወለልኝም። ምእመኑም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ፤ የእምነት ወንድሟን ገመና ከፍርድ ቤት ያወጣች ተባልኩ። ከእሑዱ የስልክ ጸሎት ቁጥሬ ወጣ። በገና ዕለት ስልኬ አልጮኸም። እትዬ ዘነበች ወጥ ሠርታ በመጋረጃው ሥር ሳህኑን ገፋ አደረገችልኝ፤ አብረን ግን አልበላንም። ከዚያ ብዙም ሳልቆይ ሌላ ክፍል ተከራየሁ፤ ማስክ እየሰፋሁ ኖርኩ።

አባቴ ኋላ ታርቆኛል። ታምራትም አግብቷል ይባላል፤ ሚስቱ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ማንም የሚነግረኝም የለም። ወይንሸትን ግን አላገኘኋትም። ኬፕ ነግዳ ሀብታም ሆናለች የሚል አለ፣ አገሯ ገብታለች የሚልም አለ። መልኳን እንኳ አላውቀውም። ያኔ በዙሪያዬ ምን ያህል ሰው ያውቅ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይከፋኛል፤ የሚወዱኝ፣ የሚያበሉኝ፣ ስሜን ጠርተው የሚጸልዩልኝ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልነገሩኝም። ወይንሸት ፊቷ አብጦ፣ ቋንቋውን በማታውቀው ፖሊስ ጣቢያ ቆማ ስሟን ስታስመዘግብ፣ እኔ ሆሳዕና ስለ ጆሃንስበርግ እያለምኩ ነበር። ከሁሉም መሀል፣ መዝገቡ ላይ ባስቀመጠችው ስሟ የነገረችኝ እሷ ናት።