ከቴፑ ስር የገባው ጎማ

የልጅ ልጄ ስፒከሩ ጠረጴዛውን እንዳያንቀጠቅጥ ጎማ ቆርጣ ከስሩ አነጠፈች። የጎማው ሽታ አላስቀምጥ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ፣ ጅዳ ያለች ልጃቸው በካሴት ቀድታ የላከችውን ድምፅ ሊሰሙ መካነ ሰላም ቤታችን መጡ። ቴፑ የተቀመጠበት የቆርቆሮ ሳጥን እየተንቀጫቀጨ ቃሏን ዋጠው። የበረባሶዬን ተረከዝ ቆርጬ ከቴፑ ስር አስገባሁ። ድምፁ ጠራ። "ደህና ነኝ፣ እማዬ" ትላለች፤ አሁን ግን ሳጓም ተሰማ።

እማማ ዘሃራ ጎማውን መዘው አወጡት። "እንዲያው ይንቀጫቀጭ፣ ልጄ።"

"መሰማት ሐቋ ነው" ብዬ መልሼ አስገባሁት።

የሻሻቸውን ጫፍ ነክሰው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲወጡ "አላህ ይይልሽ" አሉኝ፤ ዳግም ደጃችንን አልረገጡም።

ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ይኸው ግን ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት ስመላለስ ዋልኩ።