የዛርሚና ጭብጨባ

እኔና ዛርሚና የተግባባነው በአሳማ ሥጋ ነው። ሲዋርድ በሚባል ሰፈር በነበረው ትምህርት ቤታችን ምሳ ሰዓት ላይ ሁለታችንም ፒዛው ላይ ያለውን ሥጋ በጣታችን እየለቀምን ስናወጣ ተያየንና በሳቅ ፈረስን። እሷ ከአፍጋኒስታን የመጣች የፓሽቶ ተናጋሪ፣ እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ ገና ዓመት ያልሞላኝ፣ ሁለታችንም የአስር ዓመት ልጆች ነበርን። ከዚያ ቀን በፊት እዚያ ግቢ ከእኔ ጋር የሳቀ ልጅ አልነበረም።

እንግሊዝኛ ያልቻልነው ለብቻችን ምድር ቤት ነበር የምንማረው። ክፍሉ እርጥብ ጓንትና ካልሲ ይሸታል። መምህራችን አንድ ቃል ትጠራና ስንት ቦታ እንደሚከፈል በጭብጨባ ታስቆጥረናለች። እኔ ሀሁ የቆጠርኩ ልጅ ነኝ፤ «ስትሪት» ስትል ስ፣ ት፣ ሪ፣ ት ብዬ አራቴ አጨበጭባለሁ። ዛርሚና ሁሉንም ጠቅልላ አንዴ ጧ! ታደርገዋለች። «ሲስተር» ሲባል ደግሞ «ሲ» ብላ ቆም ትልና «ስተር» የሚለውን ባንድ ትንፋሽ ታወጣዋለች። አከፋፈሏ ከመምህራችን ትንሽ ለየት ቢልም ቁጥሯ ሁሌም ልክ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ታርሜም እጄ እምቢ ይለኛል።

የካቲት ላይ ፈተና መጣ። ያለፈ ወደ ፎቅ፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ይቀላቀላል። ዛርሚና እንደምታልፍ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ከሄደች እኔ ማን አለኝ? እራቴን ሳልነካ ተነሳሁ። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽብኝ?» ብትለኝ አለቀስኩ እንጂ አልነገርኳትም።

የፈተናው ቀን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ጠጋ ብዬ፣ «እስካሁን ዝም ያልኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ፈተና ላይ የሚቆጠረው እንደኔ ነው» አልኳት።

«አር ዩ ሹር?» አለች።

«ሹር ነኝ።»

ትምህርት ቤት እስክንደርስ እጄን እያየች ተለማመደች።

ወደቀች። መምህራችን ግራ ገብቷት ደጋግማ ብትጠይቃትም እኔን አምና እንደኔ አጨበጨበች። ከዚያ በኋላ የገዛ እጇን ማመን ተወች፤ ቃል በተጠራ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ወራቱ አለፉ። ግንቦት ላይ ፈተናው ሲደገም የእኔ እጅ ታርሞ አለፍኩ፤ እሷ ቀረች። እቅፍ አድርጋ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። እዚያ ምድር ቤት ብቻዋን ጥያት ወጣሁ። ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቦቿ ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ያኔ የምፈራው ብቻዬን መቅረትን ነበር። ዛሬ ብሉሚንግተን ከተማ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ሰው ሞልቶኛል፣ ያ ፍርሃት ለቆኛል። የሠራሁት ግን አልለቀቀኝም። በቀደም አብራኝ የምትሠራ አንዲት የፓሽቶ ተናጋሪ ሴት «ይቅር በይኝ» በቋንቋቸው እንዴት እንደሚባል እንድታስተምረኝ ለመንኳት። አፌ ላይ እስኪስተካከል ደጋግማ አስባለችኝ።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአንዲት የአስር ዓመት ልጅ።»

ሳቀች። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ዛሬውኑ ሄደሽ በያት። ልጅ ቶሎ ይረሳል።»