የጅብ ጥላና የዘንገናው መንገድ

ከባሕር ዳር በማለዳው ሚኒባስ ተነሳሁ። የምሄደው ቆሰበር፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ምናለ ዘንድ ነው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አብረው ሲጋልቡ ጓደኛው ይስማው ከፈረስ ወድቆ ሞተበት። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ኮርቻ ላይ አልወጣም፣ የይስማውንም ስም አልጠራም። የራሱንም ፈረስ ለባለጋሪ ሰጠው። ሐኪም ይከታተለዋል፤ ኪኒኑ እንቅልፍ ሰጠው እንጂ ጨዋታውን አልመለሰለትም።

ዳንግላ

ቁርስ ላይ የምነግረውን አሰላሰልኩ። አንድ የአእምሮ ሐኪም ወዳጄ እንዳጫወተኝ፣ ውጭ አገር ከእንጉዳይ የሚገኝ መድኃኒት፣ ባለሙያ አጠገቡ እየተቀመጠ፣ ሐዘን ለጎዳው ሕመምተኛ በሙከራ ይሰጣል። እኛ ጋ ገና አልመጣም። ቁስል ከተጠረገ ራሱ እንደሚሽር፣ አእምሮም ራሱን ማከም ያውቃል ብሎኝ ነበር። እኔ ግን «መድኃኒት» የሚለውን ብቻ ይዤ ነው የከነፍኩት።

ከዳንግላ በኋላ ብርዱ በረታ። ጎኔ የተቀመጡ እናት በአዊኛ ስልክ ሲያወሩ ቆዩና፣ ቆሰበር ያለ ጋቢ ይኬዳል እንዴ ብለው ታዘቡኝ።

ቆሰበር

ጋሼ «እንጉዳይ» ስል አልገባውም። ሚስቱ «የጅብ ጥላን ነው የሚልህ» አለችው። አፍጥጦ አየኝ።

«የጅብ ጥላ ልታበላኝ ነው ከባሕር ዳር ድረስ የመጣኸው?»

ሳቀ። ሚስቱ ሳቁን ከሰማች ስለቆየች አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም አፍሬ ሳቅሁ። ነገሩን ዘርዝሬ ስነግረው ግን፣ መድኃኒቱ ሲሰጥ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። አይመክርም፣ አያጣድፍም፤ በሽተኛው የሸሸውን እስኪያይ ድረስ አብሮት ይቀመጣል አልኩት።

«እሱማ አንተንም አያቅትህም። ነገ ዘንገና ውሰደኝ» አለ።

ዘንገና

በባጃጅ ሄድን። ይስማው የወደቀበት ቦታ ስንደርስ ጋሼ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «አይዞህ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዋጥኩት፤ ጎኑ ብቻ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ «ይስማው» አለ። ደግሞ «ይስማው»። አለቀሰ፤ እኔም አላስቻለኝም። ከዚያ የሟቹን ቀልድ፣ የሚጠብቀን የባጃጁ ሹፌር እስኪሰለቸው አወራልኝ።

ባሕር ዳር

ተመልሻለሁ። ጋሼ ዳነ አልልም፤ የሐኪም ቀጠሮውም አልቀረም። መድኃኒቱም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። እኔ ይዤለት የሄድኩት ወሬ ነበር፤ የጠቀመው ግን ዝም ብዬ መቀመጤ ነው።

ትናንት ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ፈረሱን ከጋሪው አስፈትቶ ወደ ቤት እንዳመጣው ነገረኝ። ልትጋልበው ነው ብዬ ቸኮልኩ።

«ገና ነው» አለ። «ለጊዜው አጠገቡ እቀመጣለሁ።»