አለቃዬ ዘንድ የገቡት ሽማግሌዎች

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ዓቢይ ጾም ሊገባደድ ሲል ነው። ሰው «ፓይለት ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር ምን ያደርግለታል? ደመወዙ አይበቃውም?» ሲል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እዚህ አሜሪካ፣ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ደግሞ ይህን የማይል የለም።

የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ። ድርጅቷ ትንሽ ናት፤ ስሟን ልተወው። በዲቪ መጥቼ፣ ታክሲ እየነዳሁ ተምሬ ነው ለዚያ የበቃሁት። ዩኒየን የሚሉት ማኅበር አልነበረንም። እናቋቁም ተብሎ ድምፅ ተሰጥቶ ነበር፤ እኔም ደግፌ ነበር። ግን የፈራው በዛና ወደቀ።

አንድ ጠዋት ስበር አድሬ ገና ከመውረዴ ሌላ በረራ ጨምር ተባልኩ። ዓይኔ የአውሮፕላኑን መቆጣጠሪያ ሰዓቶች ማንበብ አቅቶት ነበር። «ደክሞኛል፣ አልበርም» አልኩ። የደከመው አብራሪ እንዳይበር ሕጉም ያዛል። በማግስቱ ግን ሥራ እምቢ ብለሃል ተብዬ ለስብሰባ ተጠራሁ። ከፈለግህ የሚደግፍህ ሰው ይዘህ መምጣት ትችላለህ አሉኝ።

ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ለመንኩ። አንደኛው ልጁ እንደታመመበት ነገረኝ፤ ሌላው ስልኬን አላነሳም። አልፈረድኩባቸውም። ለእነሱስ ማን አለላቸው?

ይህን የሰሙት የባለቤቴ አጎት ጋሼ መኮንን ናቸው። «ሶ፣ ምን ችግር አለው? ሽማግሌ ይዘን እንገባለና! አለቃህ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉ። እሳቸውና ልብስ ቤት ያላቸው ሀጂ ይማም በሰፈራችን የታወቁ አስታራቂዎች ናቸው። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ የሱቅ ሸሪክ ቢካሰስ እነሱ ናቸው የሚጠሩት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ብቻዬን ከመግባት ይሻላል ብዬ ነበር።

ቢሮው ሃውቶርን የሚባል ከተማ ነው። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫታቸው ግጥም አድርገዋል፤ ሀጂ ነጭ ቆባቸውን ደፍተዋል። አለቃዬ በአክብሮት ተቀበላቸው። አጠገቡ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። ተቀመጡ ቢባሉ ጋሼ «የመጣንበትን ሳትሰሙን አንቀመጥም» ብለው ድርቅ አሉ። ሴትየዋ ደንግጣ በሩን አየች።

ከዚያ ጋሼ በዚያ ታክሲ ሲነዱ በለመዱት እንግሊዝኛቸው ጀመሩ። «ልጃችን ነው። አጥፍቷል። ልጅነት ነው፣ ተናዶ ነው እምቢ ያለው። ሁለተኛ አይለምደውም። ለእኛ ብላችሁ ይቅር በሉት።»

ክው አልኩ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ ያላጠፋውንም አጥፍቷል ይላል፣ የተቀየመው ሰው ልቡ እንዲራራ። ይህን እኔ አውቃለሁ። አለቃዬና ሴትየዋ ከየት ያውቁታል? አፌን ልከፍት ስል ጋሼ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ሽማግሌ ሲናገር ባለጉዳይ ጣልቃ አይገባምና ዝም አልኩ። ሀጂም «አዎ፣ አጥፍቷል፤ አላህ ይስጣችሁ» ብለው አጸኑልኝ።

ሴትየዋ ትጽፋለች። ቀና አለችና «ደክሞት አልነበረም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ይሄ ጎረምሳ ምን ይደክመዋል!» አሉ ጋሼ እየሳቁ።

«ኧረ ደክሞኝ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። አለቃዬ ተነሥቶ ሁለቱንም እጅ ነሣቸው፣ እስከ በሩም ሸኛቸው። መኪና ውስጥ እንደገባን ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሰውየው ጨዋ ነው፤ ነገሩ አለቀ» አሉኝ።

አለቀ። ብዙም ሳይቆይ ተባረርኩ። ጥፋቱ፣ ሳይደክመው ደክሞኛል ብሎ ዋሽቷል የሚል ነበር። ምስክሮቹ የራሴ ሽማግሌዎች ናቸው።

ዩኒየን ባለበት አየር መንገድ የሚበር ጓደኛ አለኝ። ስነግረው ራሱን ያዘ። «እኛ ጋ እኮ ዩኒየኑ የሚልከው ሰውዬ መጀመሪያ የሚልህ አፍህን ዝጋ ነው። ይቅርታ ብሎ ነገር አያውቅም። ኦኬ፣ ማስረጃችሁን አምጡ ነው የሚላቸው» አለኝ። እሱም አንድ ጊዜ እንደኔው ደክሞኛል ብሎ ተጠርቶ ነበር። የማኅበሩ ሰው አብሮት ገባ፣ ጓደኛዬም ወደ ሥራው ተመለሰ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ያሉት ወደው አይደለም። እኔ ግን በሬውን ከየት አባቴ ላምጣው?

ጠበቃም አነጋግሬ ነበር። የገዛ ሰዎችህ ከመሰከሩብህ ከባድ ነው ብሎ ሸኘኝ። ሥራ ባመለከትኩበት ሁሉ ከቀድሞው ቦታ ለምን እንደወጣሁ ይጠይቃሉ፤ ውሸታም የተባለ አብራሪ ማን ይቀጥራል? አሁን ከሎንግ ቢች ወደብ ኮንቴይነር አመላልሳለሁ። ተመልሼ እበራለሁ ብዬ አላስብም። ባለቤቴ ስታጽናናኝ እሺ እላታለሁ እንጂ ተስፋዬ ተሟጧል።

ጋሼን አልቀየምኳቸውም። ያላቸውን ክብር ሁሉ ይዘው ነው የገቡልኝ። የተናገሩት ቃል እንዳስባረረኝም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸው የፈረንጁ ልብ ደንድኖ ነው የሚመስላቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ አገኙኝና ክንዴን ያዙኝ። «ሽማግሌ አንዴ ሄዶ አይቀርም፣ ልጄ። አሁን ደግሞ ቄስም ጨምረን እንሄዳለን። ሙሉ ልብሴን ላውንደሪ ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? «እሺ፣ ጋሼ» አልኳቸው።