ቢላዋ የማትልሰው ኬክ ቆራጭ

ቀኑን ሙሉ ኬክ ስትቆርጥ እየዋለች ፊቷ ኮምጣጤ ነው። ቢላዋው ላይ የቀረውን ክሬም እንደ ባልደረቦቿ በጣቷ ጠርጋ አትቀምስም፤ ጠላቷ የነካው ይመስል በእርጥብ ጨርቅ ትፈትገዋለች። የሽርጧ ማሰሪያ ከሰሞኑ ወገቧን ሁለቴ መዞር ጀምሯል። ሆዷ ሲጮህ እንዳይሰማባት ትሪዎቹን ታንኳኳለች።

ምሳዋን የምትበላው ለኬኮቹ ጀርባዋን ሰጥታ ነው፤ የተቀቀለ እንቁላልና ካሮት። አንዴ በጎረሰች ቁጥር ሹካዋን ታስቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን ከሹካው አይነቀልም።

ትናንት ኬክ ልገዛ ስሄድ ከፊቴ የተሰለፈ ሰውዬ ሊቀልድባት ፈለገ።

«እህቴ፣ እንዲህ ከምትሰቃዪ ለሳምንት እህል ሳትቀምሺ ከርመሽ አትገላገይም?»

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ስማ ጌታዬ፣ አፍ አለኝ ተብሎ እንዲህ አይወራም! ዶክተሩ ‹ክብደትሽን ቀስ በቀስ ቀንሺ፣ ምግብሽን ግን አንድም ቀን እንዳትተዪ› ብሎኛል። ረሃብ እየሞረሞረኝ የምችለው ለቁንጅና መሰለህ? ካልቀነስኩም፣ ከታመምኩም እኮ ኩላሊቴን አይወስዱልኝም!»

«ለ... ለማን ነው?» አለ ሰውዬው።

«ለታናሽ ወንድሜ» አለች። ቢላዋውን አንስታ እንደገና ፈተገችው። «በል አሁን ተናገር፤ የትኛውን ልቁረጥልህ?»