የአክስቴ ዳቦ ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ

ከአዲስ አበባ ቡታጅራ የሄድኩት ዳቦ ተቀብዬ ወልቂጤ ለማድረስ ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ወልቂጤ ያሉት አጎቴ ሸምሱ ታመው ከተኙ ወዲህ እህል እምቢ ብለዋል። ልጃቸው ሰሚራ ሾርባም ገንፎም ብታቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ «የእህቴ ዳቦ ቢሆን እቀምስ ነበር» አሉ። ቡታጅራ ያሉት እህታቸው፣ አክስቴ ዘይነባ፣ ደግሞ ጉልበታቸው መንገድ አያስኬዳቸውም። ስለዚህ እኔ ተላክሁ።

ቡታጅራ

ዳቦው ማምሻውን ወጣ። እኔ ችኩል ነኝ፤ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ልከተው ስል አክስቴ እጄን መቱኝ።

«ተይ እንጂ! ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል። መጀመሪያ ይብረድ!»

ሰፌድ ላይ አድርገው በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት። ጠዋት ከጓሮ የእንሰት ቅጠል አስቆርጠው እሳት ላይ ለብለብ አደረጉት። ሲለሰልስ ጠርገው፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ዳቦ ውስጡ አድርገው አሰሩት።

«ሳይቆረስ ይድረስ፤ የተቆረሰ ቶሎ ይደርቃል። ሸምሱ ጥርስ የለውም፣ ከደረቀ አይበላልኝም» አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁና ልቀልድ ያሰብኩትን ዋጥኩት።

አረቅጥ

ወደ ጉመር ደጋ ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ረዳቱ፣ «እህት፣ ጥቅሉ ፖርቶመጋላ ላይ ይውጣ» ቢለኝ ጮህኩበት።

«የበሽተኛ ምግብ ነው፣ አይወጣም!»

አጠገቤ የተቀመጡ እናት «አላህ ያሽረው» አሉ፤ ረዳቱም ተወኝ። አረቅጥ ላይ ለምሳ ስንቆም ጥርጣሬ ያዘኝ። ደርቆ ይሆን ብዬ ቅጠሉን መፍታት ስጀምር እኚያው እናት ተቆጡኝ።

«ኧረ ዝጊው! የሚያደርቀው እኮ ንፋሱ ነው።»

አፈርኩ። በነጠላዬ ደርቤ ታቀፍኩት፤ አታትን አልፈን ወልቂጤ እስክንገባም ከጭኔ አላወረድኩትም።

ወልቂጤ

ሰሚራ በር ላይ ተቀበለችኝ። ዓይኗ አብጧል። «ዛሬም አልቀመሰም» አለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም አጎቴ፣ ከቡታጅራ መጣሁ» ብዬ ጥቅሉን ፊታቸው ፈታሁት። በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ዳቦው ሰርጎድ ብሎ ተመለሰ። እፎይ አልኩ።

«ዘይነባ ራሷ ጋገረችው?»

«በእጃቸው።»

ቢስሚላህ አሉ። ወተት እያስነካሁ አጎረስኳቸው። ሁለት ጉርሻ ዋጡና ሦስተኛውን መለሱት። ሰሚራ የቀረውን ለጎረቤት ልትቆርስ ቢላዋ አነሳች።

«ተይው» አሉ አጎቴ። «ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ። ነገ እበላዋለሁ።»

ሰሚራ ቢላዋውን ትታ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት። ከታመሙ ጀምሮ ነገ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር።

አዲስ አበባ

በማግስቱ ሲበሉ አይቼ ተመለስኩ። ዳቦ ሳይደርቅ ማቆየት ለእኔ የኩሽና ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ሰው የሚተርፍበት ነገር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቤቴ እንደገባሁ አክስቴ ደወሉ። ሰላምታም አላስቀደሙም።

«በላ?»

«በሉ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም በሉ።»

የሊጥ ዕቃ ሲያነሱ ኳኳታው በስልኩ ተሰማኝ።

«አልሐምዱሊላህ። በይ እንግዲህ ዝጊው፣ ሌላ ላቡካ።»